የተገዘተው ውሃ

ሰድበሪ፣ ካናዳ
ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ እታለማሁ፣

እንደምን ከረሙ? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ስልኩ ሲሠራ እየተቆራረጠ፣ ሳይሠራ ደግሞ ጨርሶ እየጠፋ ስላስቸገረን እንደ ድሮው በሙደሲር ፖስታ ሣጥን ልጽፍልዎ ወሰንኩ። እንጅባራ ከሙደሲር ሱቅ የገባ ደብዳቤ አይጠፋም ሲሉኝ ነው ያደግሁት።

የሚያስቅዎ ነገር ልንገርዎ። እኔም ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ። ሥራዬ ያው የከባድ መኪና ጥገና ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት ትንንሽ ሐይቆች ወደ አንዱ እሄዳለሁ። እዚህ አገር ሐይቅ እንደ እኛ የድንች ማሳ ነው፤ በዞሩበት ሁሉ አለ። በበጋ ባስ የሚሉትን አፈ ሰፊ ዓሣ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ በረዶውን ሰርስረን ትራውት የሚሉትን ዝንጉርጉር እናጠምዳለን። ለማጥመድ ከመንግሥት ፈቃድ ይወጣል። የያዝነውን አብዛኛውን ጊዜ መልሰን ወደ ውሃው እንለቀዋለን። ደስታው ማጥመዱ ነው ይላሉ፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ውሃው ዳር ስቀመጥ የማስበው ዝጉዳን ነው። ሐይቁ ዛሬም እንደዚያው ሰማያዊ ነው? ጥልቀቱ ምን ያህል ይሆን? ዳሩስ የማን ነው፣ የግል ነው ወይስ የቀበሌ? ነፍሳቸውን ይማርና በጋሼ ነጋ የቀርከሃ ዘንግ ነው አሁንም እርስዎ የሚያጠምዱት? አዘና ያለው ዓሣ ቤትዎስ ገበያው እንዴት ነው?

አንድ ዘመናዊ ዘንግ ከነክሩና ከነመጠቅለያው በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ለዓሣ ሳይሆን ለእርስዎ ክብር ነው።

እጅ ነሥቼ፣
ያሳደጉኝ የእህትዎ ልጅ ወገኔ


አዘና
ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለወገኔ፣

የሰማይ ጠል የምድር በረከት አይንፈግህ፤ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ። እኛ ዝናቡ ቤታችንን ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው እንጅ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል።

ዘንግህ ደረሰ። ምህረቴን ታውቀዋለህ፣ አብሮኝ የሚያጠምደው ጎረቤቴ ነው፤ አልተለወጠም፣ ጥርሱ ብቻ ሳሳ። ዘንጉን ሲያየው «ይኼ የዓሣ ነው የመብረቅ?» ብሎ ከሩቅ ቆመ። ሞክረነዋል። ቀጭን ሆኖ ሳለ አይሰበርም፤ እሱን አልክድም። ግን የነጋ ቀርከሃ ዓሣው ሲነካው እጄን ያናግረኛል፤ ያንተው ገና እንግዳ ነው፣ አልተዋወቅንም።

ይዞ መልቀቅ ያልከው ነገር ግን አልገባኝም። ዓሣውን አፉን በስተህ፣ አስጨንቀህ፣ ፎቶ አንስተህ፣ «በል ደህና ግባ» ትለዋለህ? የምትበላው ከሆነ ብላው። የማትበላው ከሆነ ምን አድርጎህ ነው? ለምህረቴ ብነግረው ስቆ ስቆ ከታንኳው ሊወድቅ ነበር። ታንኳ ስልህ ያው ባዶ ጀሪካን ላይ የታሰረ ቀርከሃ ነው፤ መርከብ እንዳይመስልህ።

ገበያውን ጠይቀሃል። ነጋ ሞቶ ባል አልባ የቀረሁ ጊዜ «ሴት ልጅ ውሃ ላይ ምን አላት» እያሉ ሲያሙኝ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ሳህን ይዘው ደጄን ያጣብባሉ። ዓመቱን የሚያኖረኝ ፍልሰታ ነው። የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ማርያም ብቻ «ዓሣም ነፍስ አለው» ብለው እስከ ዛሬ አልቀመሱልኝም።

ዳሩ የማን ነው ላልከው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ፈረሶቹ ይጠጡበታል፣ ቀን ከብቱ፣ ማታ እኛ። ዓሣው እንደሆነ ነጋ ከጫግኒ ወንዝ በጀሪካን አምጥቶ የጨመረው ቆሮሶ ነው። አውቶቡሱ ላይ ውሃው እየፈሰሰ ተሳፋሪው ሲሰድበው እንደመጣ ስንቴ ነግሮሃል።

መቼ ነው የምትመጣው? ለነጋ ተዝካር ሥራ በዛብኝ አልክ። አሁንስ?

አክስትህ እታለማሁ


ሰድበሪ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረስዎ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጓደኞቼ የአገሬን ሐይቅ ማየት ፈልገዋል። ሙደሲር ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ በስልኩ ፎቶ እንዲልክልኝ ይንገሩልኝ፤ በተለይ ሜዳው ያለበትን፣ በመንገዱ በኩል ያለውን። ጥልቀቱንም ገመድ ጥላችሁ ብትለኩልኝ። ውሃው በጋ ላይም ይቀዘቅዛል? መኪና እስከ ዳር ይገባል? ዝም ብዬ ለማወቅ ነው።

መምጣቱን እያሰብኩበት ነው። ምናልባት ቶሎ ይሆናል፤ አሁን አልናገርም።

የእርስዎው ወገኔ


አዘና
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወገኔ፣

የዛሬው ሚካኤል ጥላ ከለላ ይሁንህ።

ያልከውን ሁሉ አደረግን። እኔና ምህረቴ የፈረስ ጭነት ገመድ ቀጣጥለን፣ ጫፉ ላይ የወፍጮ መጅ አስረን መሐል ላይ ጣልን። መሬት አልነካም። ሌላ ገመድ ጨመርን፣ አልነካም። ምህረቴ «እታለማሁ፣ ይኼ ውሃ ሲኦል ድረስ ነው፣ ተይ እንመለስ» አለኝ። መጁም እዚያው ቀረ፤ ያዋሰችኝ ሴት እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። እንግዲህ ለጓደኞችህ ጥልቅ ነው በላቸው። ቅዝቃዜውን ደግሞ ጉልበቴ ይመስክር።

ሙደሲርም ፎቶውን አንስቷል። ሜዳው ላይ ቁሜ ስስቅ የምታየው ላንተ ነው። ምህረቴ መረቡን ይዞ ካልተነሳሁ ብሎ ነው እንዲያ የተንጠራራው። መኪና እስከ ሜዳው ይገባል፤ ከዚያ በታች ገደል ነው፣ በእግር ነው።

ዘንድሮ ቆሮሶው ትንንሽ ሆኗል። ምን እንደነካው እንጃ።

ቶሎ ይሆናል ስላልከው ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን አልጋህን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

አክስትህ


አዘና
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወገኔ፣

እንደምን አለህ? መልስ ሳይመጣ ቀረ። መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ እሱን አውቃለሁ። ይህ ግን ሳይዘገይ ይድረስህ ብዬ ሙደሲርን ለምኛለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰው መጣ። አቶ በዛብህ ይባላል፣ ጥሩ ጫማ ያለው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ከሰዎች ጋር ሆኖ ሜዳው ላይ ቀይ የተቀባ ችካል ተከለ፤ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ገደሉ አፍ። ሎጅ ሊሠራ ነው አሉ። ሐይቁ ሊታጠርና ቱሪስት የሚያጠምደው የፈረንጅ ዓሣ ሊገባበት ነው አሉ። ፈረስ ሊያጠጣ የወረደውን ሰው «ወደፊት በሌላ በኩል ነው» ብሎ መለሰው። በየትኛው በኩል? ሌላው በኩል እኮ መውረጃ የሌለው ገደል ነው።

እኔም ሄጄ «የማን ፈቃድ ነው?» አልኩት። በትሕትና ነው የመለሰልኝ። «እናቴ፣ አይስጉ፤ ካናዳ ያለው ሸሪኬ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሐይቁን እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ጥልቀቱን እንኳ አስለክቷል» አለኝ።

ወገኔ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ያ ገመድ የወረደው በእኔ እጅ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ አንተ ነህ?

እታለማሁ


ሰድበሪ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ እታለማሁ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ የዘገየው እንዴት ብዬ እንደምጽፍ ስለቸገረኝ ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ። በድንገት መጥቼ ላስደስትዎ ነበር ሐሳቤ፤ በዛብህ አፉን አላስችል ብሎት አበላሸብኝ። ባሕር ዳር አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነው። እዚህ አገር አንድ ትንሽ ሐይቅ አንድን መንደር በሙሉ ሲያኖር አይቻለሁ። ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ፣ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ያጠምዳሉ፣ ይለቃሉ፣ ገንዘባቸውን ትተው ይሄዳሉ። ዝጉዳ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ከባሌ ወንዞች ይመጣል። ባሱ ኋላ ይታሰብበታል። አጥሩ ለሥርዓት ነው። ለፈረሶቹ ቧንቧ ይዘረጋል። እርስዎ ደግሞ በዚያ ጀሪካን ላይ መንሳፈፍዎ ይቅርና የሎጁ ወጥ ቤት ኃላፊ ይሆናሉ። በስተርጅና ይረፉ ብዬ ነው።

አይቆጡኝና አንድ እውነት ልናገር። ምህረቴ ፎቶው ላይ የያዘው መረብ አይደለም፣ የወባ አጎበር ነው። ከጥፍር የማይበልጠውን ጫጩት ሁሉ ትጠርጋላችሁ። ቆሮሶው ለምን አነሰ ብለው ነበር፤ ለዚህ ነው። እኛ ባንደርስለትም ያ ሐይቅ በጥቂት ዓመት ባዶ ይሆናል። የፈረንጅ ዓሣ የሚሉትም፣ የጋሼ ነጋ ቆሮሶ እኮ ከጫግኒ የመጣ እንግዳ ነበር። ያኔ ማን ከለከላቸው?

ከፋሲካ በኋላ ቀበሌው ሕዝብ ሰብስቦ ይጠይቃል። አገሩ የእርስዎን አፍ ነው የሚያየው። ተነስተው «ይሁን» ካሉ ሌላው ይከተላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ አድርገውልኛል፤ ይህችን ብቻ ይጨምሩልኝ።

ልጅዎ ወገኔ


አዘና
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ወገኔ፣
ባለ ሎጅ

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አንተ እያልኩ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ትልቅ ሰው መሆንዎን ከአቶ በዛብህ ነው የሰማሁት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፋሲካ ማግሥት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር እናቴ፤ እኔ ውሃ ላይ እየዋልኩ ሳላውቀው ኖሬያለሁ። ፎቶው ላይ ስስቅ አይተውኝ ይሆናል። የቆምኩት ችካልዎ ከተተከለበት ላይ ነው።

ስለ ነጋ የጻፉትን ልመልስልዎ። አዎ፣ ቆሮሶው እንግዳ ነበር። ግን ቆሮሶ አረንጓዴውንና ጭቃውን ለቅሞ የሚያድር ድሃ ዓሣ ነው። ትራውትዎ ምን እንደሚበላ አልጻፉልኝም፤ ምህረቴ ጫግኒ የግብርና ባለሙያ ጠይቆ «ሲያድግ ዓሣ ይበላል» ብለውታል። ባሱን ደግሞ እርስዎ ራስዎ «አፈ ሰፊ» ብለው ጽፈዋል። የአፈ ሰፊን ምግብ ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ሌላም ልጨምር፤ ነጋ ዓሣውን ጨምሮ ሲጨርስ አጥር አላጠረም። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ስብሰባው ተደረገ። በዛብህ ብዙ ተናገረ፣ ጥሩም ተናገረ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ «እሜቴ እታለማሁ ምን ይላሉ?» አለ። ተነሣሁ። እንዲህ ነው ያልኩት፤

«ያሳደግሁት ልጅ እውነት ጽፎልኛል። ዓሣችንን የጨረስነው እኛው ነን። ምህረቴ፣ ያን አጎበር ነገ አምጥተህ እፊቴ ታቃጥለዋለህ።»

ምህረቴ «በሰው ፊት ነው እንዴ?» አለና አንገቱን ደፋ።

«በሰው ፊት ነው እንጅ! እስከ መስቀል ዝጉዳ ውስጥ መረብም መንጠቆም አይወርድም። የእኔም ጭምር። ጫጩቱ ይደግ። ሎጅ ላሉት ግን፣ ውሃችንን አጥረው ጠባቂ አድርገው የሚቀጥሩን ከሆነ ምነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር? አይሆንም።»

አንዱ ከኋላ «ፍልሰታስ? አንች ራስሽ በምን ልትኖሪ?» ብሎ ጮኸ። ድንች እበላለሁ አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያለ ፍልሰታ ገበያ ዓመቱ ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ አባ ገብረ ማርያምን ግዝት እንዲያደርጉበት ለመንኩ። እሳቸው እሽ አላሉም። «ግዝት እንደ ጨው በየወጡ አይበተንም፤ ነገ ይጸጽታችኋል» አሉ። ሽማግሌው ሁሉ እግራቸው ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ወርደው መስቀላቸውን አነሡ። ባዕድ ዓሣ ወደዚህ ውሃ የጨመረ፣ ያስጨመረ፣ ተሸክሞም የወረደ፣ እስከ መስቀልም መረብና መንጠቆ የጣለ በጊዮርጊስ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሕዝቡ «ይሁን!» አለ። ያ የጠበቁት «ይሁን» ለዚህ ዋለ።

እኔም «አባቴ፣ ባሕር ማዶ ያለውንም ይጨምሩልኝ» አልኳቸው። ዓይኔን አዩኝ። «በስሙ?» አሉኝ። በስሙ አልኩ። እሳቸውም ስምዎን ጠርተው ገዘቱ።

ዘንግዎ ከንቱ አልቀረም። የተከለለ ግጦሽ ላይ ሣር ቋጥረን እንጨት እንደምንተክለው ሁሉ፣ ዘንግዎን ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ ተክለን ሣር ቋጠርንበት። ያየው ሁሉ ይመለሳል። ከዚህ በላይ ክብር ከየት ያገኛል?

ወይዘሮ እታለማሁ


ሰድበሪ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ግዝት! በዚህ ዘመን! ለኑሯችሁ ያሰብኩላችሁን ሰው እንደ ሌባ በስሜ አስገዘቱኝ? ምን አጠፋሁ? እዚህ በረዶ ላይ መኪና ሥር ተጋድሜ ያጠራቀምኩት እኮ ለማንም አይደለም። እናቴ ብትኖር ይህን ታደርግ ነበር?

ለማንኛውም ሕግ ያለበት አገር ነው። ፈቃዱ ከወረዳ ወጥቷል፣ ለዓሣውም ተከፍሏል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መኪናው ይመጣል። ሣር የቋጠሩበት እንጨት መኪና አያቆምም። እንግዲህ እናያለን።

ወገኔ


አዘና
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ወገኔ፣

እንደምን ሰነበቱ። እናያለን ብለው ነበር፤ እኛ አይተናል፣ ላላዩት እርስዎ ልንገርዎ።

የሐዋርያት ጾም በተፈታ በሳልስቱ፣ ማክሰኞ ዕለት መኪናው መጣ። የማን አይሱዙ እንደሆነ ይገምታሉ? የሙደሲር! በዛብህ ከአዲስ አበባ ለጭነት ተከራይቶት፣ ሙደሲርም በርሜል ነው ብሎ ጭኖ፣ ምን እንደያዘ ያወቀው እንጅባራ ሲደርስ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አገሩ ሁሉ ከመኪናው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቅ ነበር። ማንም ዱላ አልያዘም።

በዛብህ የቀን ሠራተኞቹን «በባልዲ አውርዱ» አላቸው። ልጆቹ ዘንጉን አዩና ባልዲውን አስቀመጡ። ዋጋ ጨመረላቸው፤ እነሱም ወደ ኋላ ተጠጉ። ወደ ሙደሲር ዞረ። «አንተ እንኳ እስላም ነህ፣ አንተን አይነካህም፣ እባክህ አግዘኝ» አለው።

ሙደሲርም «እኔ በጊዮርጊስ አልገዘትም። ግን የጎረቤቶቼ ቃል የተጣለበትን ውሃ ረግጬ ነገ በየትኛው ዓይኔ ሱቄን እከፍታለሁ? እስከዚህ ጭኛለሁ፣ በቃኝ» አለና ጎማው ላይ ተቀመጠ።

በዛብህ በዚያ ጥሩ ጫማው ባልዲውን ራሱ አነሣ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። ግዝት ሰውን እጁን ይዞ አያስቀርም፤ የሚያልፈው ካለ ያልፋል። ዘንጉ ድረስ ሄደ። ሣሩን አየ። አባ ገብረ ማርያምን አየ፤ እሳቸው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር። በዛብህም ባልዲውን አወረደና ፊቱን ጠረገ። «እናቴ አሮጊት ናት፣ ግዝት ይዤባት አልገባም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። የጎጃም ልጅ አይደል።

ዓሦቹ ግን ባልዲውም በርሜሉም ውስጥ ሆዳቸውን ወደ ላይ እያዞሩ ሊሞቱ ነበር። ያሳዝናሉ። ክንድ የሚያካክሉ፣ እንዳሉት ዝንጉርጉር፣ ቆንጆዎች ናቸው፤ ምን አጠፉ? ያን ጊዜ አባን «ግዝቱ ውሃ ውስጥ አይግቡ ነው የሚለው። ዘይት ውስጥ አይግቡ ይላል?» አልኳቸው። ዳዊታቸውን ዘጉ። «አይልም» አሉ።

ከዓሣ ቤቴ ሁለቱን ትልልቅ መጥበሻ አስመጣሁ። ሜዳው ላይ፣ ችካልዎ መሐል እሳት ነደደ። ችካሉም ለማቀጣጠያ ሆነ፤ ቀለሙ ቢያጨስም ይነዳል። ያልበላ የለም፣ ከአባ በቀር። በዛብህም በላ፤ አጥንቱን ለቅሜ ሰጠሁት። ትራውትዎ ጣፋጭ ነው፣ አልዋሽም። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው የሚባለውን እንዲህ አድርገን ፈጸምነው።

ፍልሰታ እየመጣ ነው። ዓሣ ቤቴ ተዘግቷል። ድንቹ ደርሷል።

እታለማሁ


ሰድበሪ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለእናቴ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ ነው።

የሐምሌው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተናድጄ ነበር። ንዴቴን ላበርድ ብዬ ዘንጌን ይዤ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ጥሩ ባስ ያዝኩ። እንደ ልማዴ ልለቀው ጎንበስ አልኩ፤ እጄ ውሃው አፍ ላይ ቀረ። የጨመረ፣ ያስጨመረ የሚለው ቃል መጣብኝ። አባ ገብረ ማርያም ሲያነቡት የሰማሁ ያህል ነው፤ በእርስዎ ጽሕፈት ብቻ ማንበቤ ጠፋኝ። ይህ ውሃ ዝጉዳ አይደለም፣ ይህ ዓሣ የዚሁ ተወላጅ ነው ብዬ ራሴን ተከራከርኩ። እጄ ግን አልለቀቀውም። ዓሣው እጄ ላይ ሞተ።

ይዤው ገባሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያጠመድኩትን ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ በሚጠብሱት ዓይነት በበርበሬ ጠበስኩት፣ አሳረርኩት፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁትና አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ዘንጌ ጥግ ላይ ቆሟል። ጓደኞቼ ታመምክ ወይ ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ለበዛብህ ስሜን አውጣ አልኩት። እሱ ተናዷል፤ ወረዳ ድረስ ሄዶ ሊከስ ነው። ያ የእሱ ነው። ከእኔ የሚፈልጉትን ሁሉ አደርጋለሁ። አባ ገብረ ማርያምን ለምኑልኝ፤ ይፍቱኝ። አንዲት ወረቀት ላይ «ፈትቼሃለሁ» ብለው ይላኩልኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ወገኔ


አዘና
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወገኔ፣

እመብርሃን ከክፉ ትሰውርህ።

መስቀል አለፈ፤ መንጠቆ ተፈቅዷል፣ አጎበር ግን ለዘላለም ቀርቷል። ቆሮሶው ገና ነው። ምህረቴ ሌላ አንድ ክረምት ይጠይቃል ይላል። እንግዲህ ዘንድሮም ከፍልሰታ በፊት እንዘጋለን፤ ከስቻለሁ እንጅ አልሞትኩም። በዛብህ ከሷል። ይክሰስ። ችካል መልሶ ቢተክል ማገዶ አይቸግረን።

ደብዳቤህን ለአባ ገብረ ማርያም አነበብኩላቸው። ባሱ እጅህ ላይ የሞተው ዘንድ ስደርስ አስቁመው ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ «በጽሑፍ የሚፈታ ግዝት አላውቅም፤ የተገዘተው ሰው መጥቶ ይቁም» አሉ። በጣም አርጅተዋል፤ ዘንድሮ ወደ ውሃው ስናወርዳቸው በፈረስ ነው። ብዙ አይጠብቁህም።

ዘንግህ አሁንም መንገዱ አፍ ላይ ነው። ዝናቡ ሣሩን አበስብሶት አዲስ ቋጥሬበታለሁ። ምህረቴ ሊነቅለው ሲል እጁን መታሁት። የሚነቅለው ባለቤቱ ነው።

ፎቶ አትላክ፣ ገንዘብ አትላክ፣ ሰው አትላክ። ና።

አክስትህ እታለማሁ